ምዕራፍ 6፦ መናኸሪያ ኬሚካሎች

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ ሐረር መውጣት ስላቃተው ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ከፊቱ የሐረርጌ ተራራ ነበር። በዚያ ዳገት ሐዲድ መዘርጋቱ ወጪው ስለማይቻል መስመሩ ሐረርን በጎን ትቶ ከተራራው ሥር ቆመ፤ አዲስ አበባ እስኪደርስም እስከ 1909 ዓ.ም. ቆየ። በእነዚያ ዓመታት በአንድ ሐዲድ የመጣው ጨርቃ ጨርቅና ብረታ ብረት እዚሁ ይራገፍና በግመልና በበቅሎ ወደ ሐረር፣ ወደ ጅጅጋ፣ ወደ ጨርጨር ይበተን ነበር። ቡናውና ቆዳው ደግሞ ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ በዚያው ሐዲድ ወደ ወደብ ይወርዳል። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ራሷ የምታመርተው ነገር አልነበረም። የብዙ መንገዶች መገናኛ መሆኗ ነው።

የኬሚካል ኢንዱስትሪም የራሱ ድሬዳዋዎች አሉት። በውስጣቸው ብዙ ነገር ያልፋል፣ ከእነሱም ብዙ ነገር ይነሣል፤ ግን ገበያ ወጥቶ በስማቸው የሚገዛቸው ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዚህ መጽሐፍ መናኸሪያ ኬሚካሎች እላቸዋለሁ። የምዕራፉ ጥያቄ እስካሁን በአብዛኛው በነዳጅ ዘይት መስመር የሚደረስባቸው መናኸሪያዎች በስኳር መስመር ሊደረስባቸው ይችላል ወይ የሚል ነው። ከተቻለስ የትኛው መናኸሪያ ላይ ብንወርድ ይሻላል?

ጥቂት መግቢያ፣ ብዙ መውጫ

በምዕራፍ 4 ድፍድፍ ነዳጅ በሙቀት እየተለየ ቤንዚን፣ ናፍጣና ላምባ ሲሆን አይተናል። ያኔ ሳንነካው ያለፍነው አንድ ጉዳይ ነበር። ከድፍድፉ ጥቂቱ ለማገዶነት አይውልም፤ በከፍተኛ ሙቀት ተሰባብሮ ትንንሽ ሞለኪውሎች ይሆናል። ከእነዚህ ዋነኛው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ነው። ሁለት ካርቦንና አራት ሃይድሮጅን፣ በቃ፤ ሌላ ምንም የለውም።

ይህ ቀለል ያለ ጋዝ ብዙ በር ይከፍታል። ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ በሰንሰለት ሲቀጣጠሉ ፖሊኤትሊን ይሆናሉ፤ ፌስታሉ፣ ጀሪካኑና የውሃ ቧንቧው ከዚያ ይወጣሉ። ኦክስጅንና ውሃ ሲጨመርበት ግላይኮል የሚባል ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል፤ በብርድ አገር የመኪና ራዲያተር ውኃ በረዶ እንዳይሆን የሚጠብቀው እሱ ነው። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የውሃ ፕላስቲክም ከክብደቱ 30 በመቶ የሚሆነው ከግላይኮል የመጣ ነው። ክሎሪን ሲጨመርበት ደግሞ ወደ ፒቪሲ የሚወስድ ሌላ መንገድ ይከፈታል።

ፋብሪካዎች ለእያንዳንዱ ዕቃ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚነሣ የተለየ መንገድ ቢቀይሱ ኖሮ ኢንዱስትሪው ገና ሲጀመር በወጪ ይሰምጥ ነበር። በጣት የሚቆጠሩ መናኸሪያዎች ስላሉ ግን አንዱ ፋብሪካ እስከ መናኸሪያው ያደርሳል፣ ሌሎች መቶዎች ከዚያ ይረከባሉ። ስለዚህ አንድ ኬሚካል መናኸሪያ ለመባል በርካሽና በብዛት የሚደረስበት መሆን አለበት፤ ከደረሱበት በኋላም ወደ ብዙ አቅጣጫ ማስኬድ አለበት። አንዱ ብቻ ከሆነ አይበቃም። በቀላሉ ተደርሶበት መውጫ የሌለው ሞለኪውል ከመንገድ ዳር መንደር አይለይም። መውጫው በዝቶ መግቢያው የጠፋው ደግሞ የላቦራቶሪ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ኢትዮጵያ ዛሬ ነዳጅ ማጣሪያ የላትም። አሰብ ላይ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1997 ከተዘጋ ወዲህ ቤንዚኑም ናፍጣውም ተጣርቶ ነው የሚገባው። ፕላስቲክ ፋብሪካዎቻችን የሚያቀልጡት ፍሬ ፍሬ ጥሬ ዕቃም ከውጭ ተገዝቶ ከጅቡቲ በከረጢት ተጭኖ ይመጣል። መናኸሪያዎቹ ሁሉ ሌላ አገር ናቸው ማለት ነው፤ እኛ ጋ የሚደርሰው የመጨረሻው ፌርማታ ላይ የሚራገፈው ዕቃ ነው።

ከስኳሩ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ፈሳሽ

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው መስመር ወንጂ አካባቢንና መተሐራን እያለፈ ነው የሚመጣው። ወንጂ ኤች ቪ ኤ በተባለው የሆላንድ ኩባንያ አማካይነት በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። መተሐራ በ1962 ዓ.ም. ተከተለ። ሁለቱም አገዳቸውን የሚያጠጡት ከአዋሽ ነው።

100 ኩንታል አገዳ ፋብሪካ ሲገባ 10 ኩንታል ያህል ስኳር ይወጣዋል። 30 ኩንታል ያህሉ ባጋስ ነው፣ ማለትም ተጨምቆ የቀረው ርጥብ ገለባ። ትልቁ እጅ ውኃ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ከ3 እስከ 4 ኩንታል ሞላሰስ ይቀራል።

ሞላሰስን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ቀለሙ ወደ ጥቁር ያደላ ቡናማ ነው፤ ከቧንቧ ሲለቀቅ አይፈስም፣ እንደ ገመድ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ሽታው የተቃጠለ ስኳርና የርጥብ ብረት ሽታ የተቀላቀለበት ነው። ጣት ነክረው ቢቀምሱት መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ወዲያው ጨው ጨው ይላል፤ አገዳው ከአፈር የሳበው ፖታሽየምና ካልሲየም ሁሉ እዚያ ውስጥ ተጠራቅሟል። የስኳር ፋብሪካው ደጋግሞ አፍልቶ፣ ደጋግሞ አጣርቶ፣ ከእንግዲህ ቅንጣት አይወጣውም ብሎ የተወው ነው። ሆኖም ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ አሁንም ስኳር ነው። ቅንጣት መሆን ያቃተው በውስጡ ያሉት ሌሎች ነገሮች ስለሚይዙት ነው እንጂ ስኳርነቱ አልተለወጠም፤ ረቂቅ ነፍሳት ደግሞ ቅንጣት አይጠይቁም።

ከብት የሚያደልቡ ሰዎች ይህን ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ። ገለባና ፉርሽካ ላይ ሞላሰስ ሲረጩበት ሰንጋው የማይነካውን ይበላል። ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም፤ ስለ ሞላሰስ ሌላ ጥቅም የሚያወራ ሁሉ ከአድላቢው ጋር እየተሻማ መሆኑን ማስታወስ ይኖርበታል።

እርሾው የሚወስደው ድርሻ

በምዕራፍ 5 እርሾ ጠጅ ውስጥ የማሩን ስኳር ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ሲከፍለው አይተናል። ፊንጫና መተሐራ ያሉት የኢታኖል ፋብሪካዎችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ሞላሰሱ በውኃ ይቀጥናል፣ እርሾ ይገባበታል፣ ከአንድ ቀን እስከ አንድ ቀን ተኩል ይፈላል፤ ከዚያ በእንፋሎት ተለይቶ ንጹሕ አልኮል ይወጣል። የመተሐራው ሥራ የጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ የተተከለውም በዓመት 12.5 ሚሊዮን ሊትር እንዲያመርት ሆኖ ነበር።

ከዚህ ኢታኖል ከፊሉ የአዲስ አበባ መኪኖች ነዳጅ ሆነ። በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ ተሸጧል። ሌላው መንገድ ወደ ምሥራቅ የመጣው ነው። ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጋይያ የተባለው አገር በቀል ማኅበር ከፊንጫ ኢታኖል እያስጫነ ከጅጅጋ ማዶ ላለው የቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያ ከኢታኖል ምድጃ ጋር ያከፋፍል ነበር። እናቶች ማገዶ ፍለጋ ከሰፈሩ ርቀው መሄዳቸውና መንገድ ላይ የሚደርስባቸው ጥቃት እንዲቀንስ ያደረገ ሥራ ነው። ከዚህች አገር ሞላሰስ የተሠራ ነገር ሁሉ ቢቆጠር ለእኔ ትልቁ ይህ ነው።

በኬሚስት ዓይን ሲታይ ግን ቤንዚን ውስጥ ገብቶ የሚቃጠል ኢታኖል ድሬዳዋ ድረስ ተጭኖ መጥቶ ጣቢያው ላይ እሳት የተለቀቀበት ዕቃ ነው። ኢታኖል ራሱ መናኸሪያ ነውና። ተንኖ በ300 እና በ400 ዲግሪ መካከል በጋለ የአሉሚና ቅንጣት ላይ ሲያልፍ ከሞለኪውሉ አንድ ውኃ ይወጣና ኤትሊን ይሆናል። ያ ከነዳጅ የሚገኘው ኤትሊን፣ ምንም ሳይለይ። ብራዚል ውስጥ ብራስኬም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ትሪዩንፎ ላይ በዓመት 200 ሺህ ቶን ኤትሊን ከአገዳ ኢታኖል የሚያወጣ ፋብሪካ ከፍቷል። ሕንድ ውስጥ ኢንዲያ ግላይኮልስ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሞላሰስ ኢታኖል ተነሥቶ ግላይኮል ያመርታል።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት የምፈልገው ነገር አለ። ከአገዳ የመጣ ፖሊኤትሊን ከነዳጅ ከመጣው የሚለየው በመነሻው ብቻ ነው። የአገዳው ፌስታል የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ቢጣል እንደ ሌላው ፌስታል ሁሉ ዓመታት ይቆያል፤ ጎርፍ ሲመጣም እንደ ሌላው ድልድይ ሥር ይጠራቀማል። ታዳሽ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ የት እንደሚቀር አይናገርም።

አሁን ሂሳቡን በኩንታል እንሥራው። አንድ ኩንታል ሞላሰስ 50 ኪሎ ያህል ስኳር አለው። እርሾው ከዚያ 25 ሊትር ያህል ኢታኖል ይሰጣል፣ በክብደት 20 ኪሎ ገደማ። ኢታኖሉ ወደ ኤትሊን ሲለወጥ ውኃው ስለሚወጣ 12 ኪሎ ይቀራል። 50 ኪሎ ስኳር ገብቶ 12 ኪሎ ወጣ። የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ሄዷል፤ ወይም ውኃ ሆኗል።

ስኳር ጭኖ የሚመጣው ኦክስጅን

ያ ሁሉ ክብደት የጠፋው ፋብሪካው ስለሰነፈ አይደለም። ምክንያቱ የስኳር ተፈጥሮ ነው፤ የምዕራፉ ዋና ሐሳብም እዚህ ላይ ነው።

ድፍድፍ ነዳጅ በአብዛኛው ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ነው፤ ኦክስጅን የለውም ማለት ይቻላል። ስኳር ተቃራኒው ነው። አንድ ኪሎ ግሉኮስ ብንወስድ ከግማሽ ኪሎ በላይ የሆነው ኦክስጅን ነው። ተክሉ ከአየርና ከውኃ የወሰደው ነው። ኤትሊን ደግሞ ኦክስጅን ያልነካው ሞለኪውል ነው። ስለዚህ ከስኳር ኤትሊን መሥራት ማለት ከግማሽ በላይ የሆነውን ጭነት እያራገፉ መጣል ማለት ነው። የሚያሳዝነው፣ የነዳጁ ኢንዱስትሪ ኤትሊኑን ካገኘ በኋላ ግላይኮልና ሌሎችንም ለመሥራት ያንኑ ኦክስጅን በገንዘብና በሙቀት መልሶ ያስገባበታል።

ታዲያ ስኳር መሄድ ያለበት ኦክስጅኑን ወደሚፈልጉ መናኸሪያዎች ነው። የመጀመሪያው ላክቲክ አሲድ ነው። ካርል ቪልሄልም ሼሌ የተባለው የስዊድን ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1780 ከጎመዘዘ ወተት ለይቶ አወጣው፤ እርጎን እርጎ የሚያደርገው አሲድ ነው። እርጎ ውስጥ ያሉት ዓይነት ባክቴሪያዎች አንዱን ግሉኮስ መሐል ላይ ለሁለት ይሰነጥቁታል፤ ሁለት ላክቲክ አሲድ ይሆናል። ጋዝ አይወጣም። ውኃም አይወጣም። በወረቀት ላይ 180 ግራም ስኳር 180 ግራም ላክቲክ አሲድ ይሰጣል፤ በፋብሪካም ከ90 በመቶ ያላነሰ ማግኘት የተለመደ ነው። ያ አንድ ኩንታል ሞላሰስ ውስጥ ያለው ስኳር በዚህ መንገድ ቢሄድ 12 ኪሎ የነበረው 45 ኪሎ ያህል ይሆናል።

መውጫውስ? ላክቲክ አሲድ ምግብ ውስጥ ይገባል፣ መዋቢያ ውስጥ ይገባል። ከኢታኖል ጋር ሲጋባ ለቀለምና ለማተሚያ ሥራ የሚሆን ማሟሚያ ይወጣዋል። ሞለኪውሎቹ ሲቀጣጠሉ ፖሊላክቲክ አሲድ የሚባል ፕላስቲክ ይሆናሉ፤ የቀዶ ሕክምና ክር፣ ኩባያ፣ የምግብ ማሸጊያ። ታይላንድ ራዮንግ ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሥራ የጀመረው ፋብሪካ በዓመት 75 ሺህ ቶን ከአገዳ ስኳር እንዲያመርት ነው የተተከለው። ይህ ፕላስቲክ ሊበሰብስ ይችላል፣ ግን እንደተባለለት በየሜዳው አይደለም፤ 60 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ የብስባሽ ማዘጋጃ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ሲትሪክ አሲድ ነው፤ የሎሚ ጉምዛዜ። ድሬዳዋን ስለ ሎሚና ብርቱካን አታስተምሯትም። በአንድ ወቅት የዓለም ሲትሪክ አሲድ ከጣሊያን ሎሚ ነበር የሚጨመቀው። እ.ኤ.አ. በ1917 ጄምስ ከሪ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ አንድ ተራ ጥቁር ሻጋታ ስኳር ላይ ሲበቅል ሲትሪክ አሲድ በብዛት እንደሚያወጣ አሳየ፤ ፋይዘር ከሁለት ዓመት በኋላ በፋብሪካ ደረጃ ጀመረው። ብዙም ሳይቆይ ሞላሰስም ለሻጋታው መኖ ሆነ። ዛሬ ዓለም በዓመት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ትጠቀማለች፤ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ፣ ሳሙና ውስጥ፣ መድኃኒት ውስጥ። የሎሚ ዛፍ በዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም ማለት ይቻላል። ከስኳር የሚነሣ ኬሚካል አዋጭ አይሆንም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም፤ ሲትሪክ አሲድ ከነዳጅ የሚሠራ ተወዳዳሪ ሳይመጣበት መቶ ዓመት አልፎታል።

ባጋሱን በአጭሩ ላንሣ። አብዛኛው ቦይለር ውስጥ ገብቶ ፋብሪካውን ያንቀሳቅሳል፤ መብራትም ያመነጫል፣ ያም ተገቢ ነው። ከዚያ የሚተርፈው ግን በአሲድና በእንፋሎት ሲቀቀል ፈርፉራል የሚባል የለውዝ ሽታ ያለው ፈሳሽ ይወጣዋል። ኩዌከር ኦትስ እ.ኤ.አ. በ1922 ከአጃ ገለባ ነው የጀመረው። ደቡብ አፍሪካ ሴዜላ ላይ ደግሞ ከስኳር ፋብሪካው ጎን ከባጋስ ይመረታል። የብረት ማቅለጫ ቤቶች የቅርጽ አሸዋቸውን የሚያጣብቁበት ሙጫ አንዱ መነሻው እሱ ነው።

ሐዲዱ ላይ ያሉት ጥሬ ዕቃዎች

ላክቲክ አሲድ አንድ ችግር አለበት። ባክቴሪያዎቹ የሚያወጡት አሲድ ራሳቸውን ይገድላቸዋል፤ ጋኑ እየጎመዘዘ ሲሄድ ሥራ ያቆማሉ። መፍትሔው ኖራ ነው። እየፈላ ሳለ ኖራ ቀስ በቀስ ይጨመርበታል፣ አሲዱ ከኖራው ጋር ተያይዞ ጨው ይሆናል፣ ባክቴሪያዎቹም እፎይ ብለው ይቀጥላሉ። ሲያበቃ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈስበታል። ኖራው ሰልፈሪክ አሲዱን ይዞ ጄሶ ሆኖ ይዘቅጣል፣ ላክቲክ አሲዱ ነጻ ይወጣል። 10 ኩንታል ላክቲክ አሲድ ለማግኘት 4 ኩንታል ያህል ኖራና ከ5 ኩንታል በላይ ሰልፈሪክ አሲድ ያስፈልጋል፤ 9 ኩንታል ተኩል ያህል ጄሶም ይቀራል። በየአገሩ ያሉ አምራቾችን የሚያስጨንቃቸው ይህ ጄሶ ነው፤ የት ይደፋ?

ይህን ሂሳብ ይዞ ካርታ ላይ መስመሩን መከተል ተገቢ ነው። ስኳሩ ወንጂና መተሐራ ነው። ከወንጂ ብዙም ሳይርቅ አዋሽ መልካሳ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ የሚያመርት ፋብሪካ አለ። የኖራ ድንጋዩ ድሬዳዋ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን እዚህ የተተከለውም ድንጋዩ በቅርብ ስላለ ነው። ሲሚንቶ ደግሞ ክሊንከሩ ሲፈጭ ከ3 እስከ 5 በመቶ ጄሶ ይፈልጋል፤ ያለ እሱ ውኃ እንደነካው ወዲያው ይደርቅና ግንበኛው ሳያለብሰው ያልቅበታል። ከላክቲክ አሲድ የሚተርፈው ጄሶ ሌላ አገር ቆሻሻ ሲሆን፣ ንጽሕናው ከተጠበቀ በዚህ መስመር ላይ ኖራ አምጥቶ የሚመለስ ባዶ ፉርጎ የሚጭነው ዕቃ ይሆናል።

ጋኑ ራሱ የት ይተከል ለሚለው፣ ድሬዳዋን ብወድም መልሴ ድሬዳዋ አይደለም። ማፍላት ውኃ ይጠጣል። አንድ ሊትር ኢታኖል እንኳ ከ10 እስከ 15 ሊትር ዝቃጭ ትቶ ይሄዳል፤ ያ ዝቃጭ ሳይታከም ወንዝ ውስጥ ቢገባ የዓሣውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከሳቢያን የጉድጓድ ውኃ ነው፤ ከዚያ ላይ ለፋብሪካ ጋን መቅዳት አይገባም። ማፍላቱ አገዳው ባለበት፣ ዝቃጩም ታክሞ ወደ ማሳ ማዳበሪያ በሚመለስበት ቦታ ይሁን። ከጋኑ የሚወጣውን ወስዶ ወደ ብዙ ዕቃ የመለወጡ ሥራ ግን መልካ ጀብዱ አካባቢ ካለው ኢንዱስትሪ ፓርክ ይስማማል፤ ለወደብ ቅርብ ነው፣ ውኃ የሚፈልገውም ጥቂት ነው።

ሁለት እንቅፋት መሸፈን የለበትም። አንደኛው፣ አገሪቱ ስኳር ገና ከውጭ እየገዛች ነው። ስለዚህ የማወራው ስለ ስኳር ቅንጣቱ አይደለም፣ ስለ ሞላሰሱ ነው፤ እሱም ከአድላቢውና ከኢታኖሉ የሚተርፈው ብቻ። ሁለተኛው፣ ሞላሰስ ለባክቴሪያ መኖ ቢሆንም ለማጣሪያው ፈተና ነው። ያ ጥቁር ቀለምና ያ ጨው ከላክቲክ አሲዱ ጋር አብሮ ይመጣል። ለፕላስቲክ የሚሆን አሲድ እጅግ ንጹሕ መሆን ስላለበት የራዮንጉ ፋብሪካ የሚነሣው ከሞላሰስ ሳይሆን ከስኳር ነው።

ንጽሕናው እስከዚህ የማያስጨንቃቸው ገዢዎች ግን አሉ። ቆዳ ፋብሪካዎች ፀጉር ለማንሣት ቆዳውን በኖራ ይዘፈዝፉትና ኖራውን መልሰው በደካማ አሲድ ያወጡታል፤ ላክቲክ አሲድ ለዚህ ሥራ ከሚውሉት አንዱ ነው። ሞጆ ያሉት ቆዳ ፋብሪካዎች ከወንጂ የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላቸውም። ይህ ሥራ እዚህ አገር የሚጀመር ከሆነ መጀመር ያለበት ከዚያ ነው እላለሁ፤ መቶ ሺህ ቶን ፕላስቲክ ከማለም በፊት ለቆዳ ፋብሪካ የሚሆን፣ ቀለሙ ቡናማ ቢሆን የማይጠላ አሲድ። ላክቲክ አሲድ ነጥቶና ጠርቶ ወደ ክርነት የሚቀጣጠልበትን መንገድ በምዕራፍ 7 እናያለን።